ደጄ ላይ የሚያድረው አይሱዙ

ይህ ደብዳቤ የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። ሰፈሩንና ሰዎቹን የሚያሳውቀውን ሁሉ አውጥቻለሁ።

«እታለም፣ ጤና ይስጥልኝ። የአርባ ዓመት ሰው ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት። ደብረ ብርሃን በራሴ ቤት መኖር ከጀመርኩ 8 ዓመት ሆነኝ። ግቢዬ ውስጥ ለተማሪዎች የማከራያቸው ሦስት ክፍሎች ስላሉ መኪና አያስገባም። ስለዚህ ቪትዜን ሁልጊዜ ደጄ ላይ ነበር የማቆማት። ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ፊት ለፊቴ አንድ ሰውዬ ገባ። በዕድሜ አባቴ ይሆናል። አይሱዙ አለው፤ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት እየጫነ አዲስ አበባ ያደርሳል። በራሱ በኩል ቦይ ስላለ እኔ በር ላይ ነው የሚያቆመው። ወረድ ብሎ የትምህርት ቤት ረጅም አጥር አለ፤ ሦስት አይሱዙ ይይዛል። እዛ አያቆምም። እኔ በር ላይ፣ እኔ በገንዘቤ ባስገባሁት ትልቅ መብራት ስር ካልሆነ አይሆንለትም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሞተሩን አስነሥቶ ሃያ ደቂቃ ያሞቃል። ጭሱ በቀጥታ እናቴ የምትተኛበት ክፍል ይገባል። እናቴ ደረቷን ያማታል። አንድ ሌሊት ሕመሙ ሲብስባት ሐኪም ቤት ልወስዳት ስል መኪናው በሩን ደፍኖት ደግፈን በጎን ነው ያወጣናት።

ቢቸግረኝ ድንጋይ ሰብስቤ፣ ኖራ ቀብቼ ደረደርኩ። ረዳቱ እያነሣ ቦዩ ውስጥ ወረወራቸው። መልሼ ደረደርኩ። በዚህ ተጣላን። «አንተ ሰውዬ፣ ደጄን ልቀቅ!» አልኩት፤ ሰው ተሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ ሚስቶቻችን ቡና መጠራራት ትተዋል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጠዋት ስወጣ የቪትዜ የኋላ ጎማ ተንፍሷል። ማን እንዳደረገው ግልጽ ነው። የእሱን ስድስቱንም ላስተነፍስለት ነበር፤ ባለቤቴ ናት የያዘችኝ። ለኮብልስቶኑ ገንዘብ ያዋጣሁት እኔ ነኝ፣ እሱ ያኔ እዚህ ሰፈር አልነበረም። ደጄ የእኔ አይደለም ወይ? ትራፊክ ልጥራ? ልክሰስ? ምከሪኝ።»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ላንተ ተናደድኩልህ። በተለይ እናትህን በሌሊት በጎን ሹልክ አድርጋችሁ ስታወጡ ታየኝ። በሁለተኛው ግን ያላየኋቸውን ነገሮች አየሁ። አንዳንዱን ስነግርህ ደስ አይልህም። ታገሠኝ።

ከጥያቄህ ልጀምር። በርህ ያንተ ነው፤ መንገዱ ግን ያንተ አይደለም። የሰው መግቢያና መውጫ ዘግቶ መኪና ማቆም ክልክል እንደሆነ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ሁሉ የተማረው ነው። ጎረቤትህም ተምረውታል። ስለዚህ በሩ ፊት ያለችውን ክፍት ቦታ፣ ሰው በቃሬዛ የሚወጣባትን ያህል፣ ማንም ሊደፍንብህ አይችልም። እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ልክ ነህ። ከበሩ ግራና ቀኝ፣ በአጥርህ ርዝመት ያለው መንገድ ግን የማንም ነው። ማለትም የሁሉም ነው።

«8 ዓመት አቁሜበታለሁ» ያልከውንም አትያዘው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መንገድን ከሕዝብ አገልግሎት ንብረቶች ይቆጥረዋል። እንዲህ ያለውን ንብረት ለረጅም ጊዜ ስለተጠቀሙበት ብቻ የራስ ማድረግ አይቻልም። 8 ዓመትም ሆነ 30 ዓመት ያው ነው። ስለዚህ «ልክሰስ» ብለህ ብትሄድ፣ ስለ በሩ መዘጋት ይሰሙሃል፤ ስለ ማቆሚያው ቦታ ግን «ካርታህ ላይ የት አለ?» ነው የሚሉህ።

ስለ ኮብልስቶኑ መዋጮ ያልከው ልቤን ነክቶታል፤ ምክንያቱም ያ ገንዘብ ለብዙ ሰው ቀላል አልነበረም። ያን ጊዜ በየሰፈሩ ሰው ከጉሮሮው ቀንሶ ነው ያዋጣው። ግን እስቲ አስብ። መንገዱን ያነጠፋችሁት አንተና መኪና ያላቸው ብቻ ናችሁ? እንጀራ ሸጣ የምታድር፣ መኪና ቀርቶ ብስክሌት የሌላት ሴት አላዋጣችም? እሷ ያዋጣችው ጭቃው ውስጥ ሳትዘፈቅ ቤተ ክርስቲያን እንድትሄድ ነው። መዋጮ ቦታ የሚያስይዝ ቢሆን ኖሮ እሷም ደጇ ላይ ድንጋይ ደርድራ አንተን ባላሳለፈችህ ነበር።

ሌላው ነገር ሦስቱ ክፍሎች ናቸው። ግቢህ መኪና የማያስገባው ጠቦ ሳይሆን ሠርተህበት ነው። አልፈርድብህም። የተማሪ ኪራይ ስንት ቤት እንደደጎመ አውቃለሁ፤ ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ወዲህ ደብረ ብርሃን ውስጥ ስንቱ በዚያ ኪራይ ልጁን አስተምሯል። ብቻ ግቢህ ውስጥ ማደር የነበረባትን ቪትዝ ወደ መንገዱ ያወጣሃት አንተ ነህ። ቦታው ገቢ እያስገባልህ ነው። ጎረቤትህም በራሳቸው በኩል ቦይ ስላለ ወደ አንተ መጡ። ሁለታችሁም ያላችሁን ቦታ አጥታችሁ መንገዱ ላይ ተገናኛችሁ። ይህን በልብህ ከያዝክ ስትነጋገሩ ድምፅህ ራሱ ይለወጣል።

አሁን ወደ ድንጋዮቹ ልምጣ። ኖራ ስለቀባሃቸው በቀን ይታያሉ። መብራት ሲጠፋስ? ጠዋት ለኪዳን የሚወጡ እናቶች አሉ፤ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ብርዱን እየሸሹ ነው የሚሄዱት። የደብረ ብርሃን ብርድ ለማንም አይነገርም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው የተቀመጠችው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። ነጭ በነጭ በሆነበት ጠዋት አንዲት አሮጊት ድንጋይህ አደናቅፏቸው ዳሌያቸው ቢሰበር፣ የመንገዱ ነገር ያን ጊዜ ያበቃል፤ የሚቀረው ያንተ ዕዳ ነው። ባጃጅም ሲዞር ጎማው ከጫፉ ቢወጣ ይገለበጣል። ረዳቱ ድንጋዮቹን ቦይ ውስጥ መጣሉ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ክረምት ሲገባ ቦዩ ተደፍኖ ውሃው የማን ግቢ እንደሚገባ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ አውጡት።

ጭሱ ላይ ግን ሙሉ በሙሉ ከአንተ ጋር ነኝ። የደረት ሕመም ላለባት እናት በየሌሊቱ የናፍጣ ጭስ ቀልድ አይደለም። ያ የ1952 ሕግ ባለቤት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳያውክ ያዛል፤ ጭስ፣ ጥቀርሻ፣ ክፉ ሽታና ጩኸት ከጉርብትና ልክ ማለፍ እንደሌለባቸው ይናገራል። የተጻፈው ሰው በይዞታው ላይ ስለሚያደርገው ነገር ቢሆንም መንፈሱ ለእናንተም ይሠራል። መንግሥት ቀርቶ ማንም ሽማግሌ ይህን ሰምቶ «ቻለው» አይልህም።

ነገር ግን የሹፌሩንም በኩል ስማ። ናፍጣ መኪና በእንዲህ ያለ ብርድ ቶሎ አይነሣም። የንፋስ ፍሬን ያለው ከሆነ ንፋስ እስኪሞላ መነቃነቅ የለበትም፤ ይህን አደጋ እንዳይደርስ ሲሉ ነው የሚያደርጉት። ስለዚህ «ጭራሽ አታሙቅ» ብትላቸው የማይሆን ነገር ነው የጠየቅከው። ሃያ ደቂቃ ግን ብዙ ነው። ሞተር ቆሞ ከሚሞቅ ቀስ ብሎ እየሄደ ቢሞቅ ይፈጥናል፤ እሳቸውም ይህን ያውቁታል። የጭስ ማውጫው በየት በኩል እንደሆነ ደግሞ ተመልከት። መኪናው ዞሮ ቢቆም ጭሱ ከእናትህ መስኮት ወደ ባዶው መንገድ ይሄዳል። ይህን ለመጠየቅ ክስም ትራፊክም አያስፈልግም። በአንድ ቃል የሚሆን ነገር ነው።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ደጋግሞ መጣብኝ። ራስህ ጽፈኸዋል፤ ግን አላስተዋልከውም። «እኔ ባስገባሁት ትልቅ መብራት ስር ካልሆነ» ብለሃል። የትምህርት ቤቱ አጥር ስር ቦታ ሞልቶ ሳለ ለምን እዛ አያቆሙም? ጨለማ ስለሆነ ይመስለኛል። ሌሊት ከጨለማ አጥር ስር የቆመ የጭነት መኪና ባትሪው ይፈታል፤ ሸራው ይቀደዳል። ሽንኩርት ጭኖ ካደረ ደግሞ ሲነጋ ምን ያህል እንደሚጎድል እግዜር ይወቀው። ያ መኪና የእሳቸው እርሻ ነው፣ ደመወዛቸው ነው፣ ምናልባትም ዕዳቸው ነው። ጣርማበርን በዚያ ጭጋግ ወጥተው፣ ዓይናቸው ቀልቶ ሲገቡ የሚፈልጉት ከአልጋቸው ሆነው የሚያዩበት ብርሃን ያለበት ቦታ ነው። እኔን ከጠየቅከኝ እሳቸውን የሳባቸው መብራትህ ነው እንጂ በርህ አይመስለኝም።

እንዲህ ከሆነ መፍትሔው ከአጥሩ ጋር ነው። ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋግራችሁ አጥሩ ጥግ አንድ መብራት ብታስገቡ፣ ለሰፈሩ የሌሊት ዘበኛ ካለም በወር ትንሽ ጨምራችሁለት ያንን ጥግ እንዲያይ ብታደርጉ፣ አይሱዙው ወደዛ ይወርዳል። ሌሊት 11 ሰዓት ስለሚወጣ ልጆቹ ሲገቡ የለም፤ ለትምህርት ቤቱም አያስቸግርም። መኪና ያላቸው ሌሎች ጎረቤቶችም ቢያዋጡ አይከብዳቸውም። መብራት ያለበት ጥግ ለእነሱም ልጆች ነው። አንተም የመብራቱን ሐሳብ ይዘህ ከሄድክ ባለ ክስ መሆንህ ይቀርና የሰፈር ሰው ትሆናለህ።

ስለ ጎማው። አላየህም። «ግልጽ ነው» ትላለህ፤ ግን ጎሚስታው ምን አለህ? ደብዳቤህ ላይ የለም። አስፈትተህ ውሃ ውስጥ አስነክረህ አረፋ አየህ? ሚስማር ነበረው? ብርድ ራሱ የጎማን ንፋስ ይቀንሳል፤ ቀስ እያለ የሚተነፍስ ጎማ ደግሞ ብዙ ጊዜ በውርጭ ሌሊት ነው የሚታወቀው። ሚስማር ከተገኘ ጥርጣሬህን እዛው ጎሚስታው ቤት ጥለኸው ና።

የእሳቸውን ስድስት ጎማ ላስተነፍስ ማለትህን ግን በጣም ነው የፈራሁት። ወንድሜ፣ ያ መኪና የሚወርደው በጣርማበር ነው። ከአንዱ ጎማ ንፋስ ግማሹን ብታወጣና ጎህ ሳይቀድ ሳያዩት ቢሄዱ፣ በዚያ ጠመዝማዛ፣ በዚያ ገደል፣ ምን እንደሚሆን ለአንተ አልነግርህም። ጋቢና ውስጥ ረዳቱም አለ፤ የአንዲት እናት ልጅ ነው። ባለቤትህ ስለያዘችህ እግዚአብሔር ይስጣት። ይህን ሐሳብ ለቀልድ እንኳ ዳግመኛ አታንሣው።

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝን ልንገርህ። ደብዳቤህ ላይ «በዕድሜ አባቴ ይሆናል» ብለሃል። ከዚያ ግን ከላይ እስከ ታች «እሱ» ነው የምትላቸው። በሰው ፊትም «አንተ ሰውዬ» ብለሃቸዋል። በእኛ አገር ለአባት እኩያ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። ሚስታቸው ሰምታለች፤ ረዳታቸው ሰምቷል። ከዚያ ቀን በኋላ መኪናውን ቢያነሡልህ እንኳ ተሸንፈው ያነሡት ይመስላቸዋል። አዛውንት ደግሞ እንደዚያ አያነሡም። እንዳይነሣ ያደረገው ከድንጋዮቹ ይልቅ ያ ቃል ነው የሚል እምነት አለኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትሄደው ስለ ማቆሚያ ለመነጋገር አይደለም። ከመንገድ ሲገቡ አትሂድባቸው፤ ደክመዋል፣ ርቧቸዋል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይሁን። ብቻህን ሂድ። ባለቤትህን አትላክ፤ የተሳደብከው አንተ ነህ። ገብተህ ከመቀመጥህ በፊት፣ «ጋሼ፣ ያን ቀን በሰው ፊት አንተ ብዬዎታለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» በል። ከዚያ ዝም በል። «ግን እርስዎም» አትበል። ያቺ «ግን» የመጣህበትን ሁሉ ታፈርሰዋለች። እሳቸው ይናገሩ። ምናልባት ይቆጡሃል። ተቆጥተው ሲጨርሱ «ተቀመጥ» ይሉሃል።

የዚያኑ ቀን ስለ መኪናው አታንሣ። ቤትህ ተመለስ፤ ባለቤትህ ቡና ታቅርብ። ከልጆችህ አንዱን «ኑ ቡና ጠጡ ብላችኋለች እናቴ» ብለህ ላከው። ልጅ ሲላክ እምቢ የሚል ጎረቤት አላየሁም። እናትህም ቡናው ላይ ይቀመጡ። ሲያስሉ ጎረቤቶችህ በጆሯቸው ይስሙ። ይህ ከእኔ ምክርም ከሕግ አንቀጽም ይበልጣል። ያኔ፣ ሁለተኛው ስኒ ላይ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት» ብለህ ጭሱን አንሣ። ከጭሱ ቀጥሎ የበሩን መውጫ ክፍት መሆን፣ ከዚያ የአጥሩን መብራት። የቪትዝህን ማቆሚያ በመጨረሻ፤ ባታነሣውም ግድ የለም። አይሱዙው ከወረደ ቦታው ራሱ ይገኛል።

እምቢ ካሉ የእድራችሁን ዳኛ ወይም የሚያከብሯቸውን ሁለት ሽማግሎች ይዘህ ሂድ። ያም ካልሆነና በርህ ከተዘጋ ትራፊክ ጥራ፤ መብትህ ነው፤ አትፈር። ግን ያንን ደረጃ መጨረሻ ላይ አስቀምጠው። ትራፊኩ ቀጥቶ ይሄዳል፤ ማታ እዛው መንገድ ላይ የምትገናኙት እናንተ ናችሁ።

ለምን እንዲህ እንደምወተውትህ ልንገርህ። አባቴ በሕይወት ሳሉ ከጎረቤታችን ጋር በዚሁ በመኪና ማቆሚያ ነገር ተቀያይመው ዓመት ሙሉ ሰላም አይባባሉም ነበር። አባቴ ያረፉ ሌሊት የእድሩ ሰዎች የድንኳኑን ብረትና ሸራ ተሸክመው መጡ። መንገዱ ላይ የዚያ ሰውዬ መኪና ቆሟል። ሰው ሁሉ ቆሞ እርስ በርሱ ይተያያል። ማንም ሊያንኳኳ አልደፈረም። ለቅሶውን ሰምተው ነው መሰለኝ፣ ሳይጠሩ በራቸው ተከፈተ። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ በባዶ እግራቸው ማለት ይቻላል፣ መኪናውን አስነሥተው ወደ ታች ወሰዱት። ተመልሰው መጥተው ከእድሩ ሰዎች ጋር የድንኳኑን ገመድ ያዙ። ድንጋይ ላይ ካስማው አልገባ ሲል በጎን ሲመቱ አያቸዋለሁ፤ እንባቸው ይወርዳል። ሦስት ቀን ከዚያ ድንኳን አልወጡም። እናቴ ይህን አይታ «አባትሽ ሳያየው ሄደ» ብቻ አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ልጅ ነበርኩ፣ አባቴን «ይበቃል» ማለት እችል ነበር።

መንገዳችን እንዲህ ያለ መንገድ ነው። ድንኳን ይተከልበታል፣ ለሠርግ ዳስ ይጣልበታል፣ ለቅርጫ በሬ ይታረድበታል። ያኔ «ይህ የማን ደጅ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ቡናው ከተጠጣ በኋላ ምን እንደተባባላችሁ ጻፍልኝ። እናትህንም ስለ ደረታቸው ሐኪም ቤት ወስደህ አሳያቸው፤ ጭሱ ቢቆምም ሕመሙ የራሱ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ድንጋዮቹን ግን ዛሬ ማታ አንሣቸው። እሑድን አትጠብቅ። እሳቸው ከመንገድ ከመግባታቸው በፊት አንሥተህ፣ ቦዩ ውስጥ የገቡትንም አውጥተህ፣ ግቢህ ጥግ ከምራቸው።